ዘጠነኛው ጥያቄ

ኢሶቤል ብራይስ ከፐርሲ ሎክዉድ ጋር ጥያቄ የተለዋወጠች ዕለት ያተረፈች መስሏት ነበር።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ጠዋት፣ የምክር ቤት አባላት ሻይ በሚጠጡበት ክፍል ነው። በማግስቱ የመከላከያ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሚኒስትሩንና አንድ ጄኔራል አስቀምጦ ስለ አዲሱ የመከላከያ ፖሊሲ ክለሳ ሊጠይቅ ቀጠሮ ይዟል። የኮሚቴው ጸሐፊ እንደተለመደው ጥያቄዎቹን አርቅቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለየአባሉ አድሏል። የሌላውን ጥያቄ ማንም አይነካም። ይህ የትም አልተጻፈም፤ በዚያ ቤት ግን ከተጻፈው ይልቅ የሚፈራው ያልተጻፈው ነው። ደንብ የጣሰ አባል ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጣል። የባልደረባውን ጥያቄ የነጠቀ ግን ለዓመታት በዚያ ሻይ ክፍል ውስጥ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅለት አያገኝም።

ለኢሶቤል የደረሳት ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። ስለ ባሕር ኃይል መርከቦች ጥገና ነው፤ እሷ የተመረጠችበት ኤለንማውዝ ደግሞ በመርከብ ማደሻው የሚኖር ከተማ ነው። ለፐርሲ የደረሰው ዘጠነኛው ነው፤ በሰሜን፣ በበረዶው አገር ስለሰፈረው ጦር፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ቁስለኛ ማንሳት። ፐርሲ የገዢው ፓርቲ ሰው ነው፤ ቀይ ፊት፣ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው ዓይነት። የእሱም ከተማ የመርከብ ማደሻ አለው።

«ሦስተኛውን ስጪኝና ዘጠነኛውን ውሰጂ» አላት፣ ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ እየነከረ። «የእኔ ሰዎች መርከብ ነው የሚገባቸው። በረዶ ላይ ስለወደቀ ወታደር ብጠይቅላቸው ምን ይሉኛል?»

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን በምንድን ነው የምትታጠበው?»

«በምክር ቤቱ ሳሙና። ነፃ ነው።»

ሳቀች፤ ከፐርሲ ጋር ተቀምጦ አለመሳቅ አይቻልም። ከዚያም እሺ አለችው። የመርከቡን ጥያቄ ለተቀናቃኝ ወደብ ሰው አሳልፋ መስጠቷ ኤለንማውዝ ውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚባል ታውቃለች። በምርጫ ዋዜማ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጤነኛ አይደለም። ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ከወንበሯም ይበልጥባት ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኤለንማውዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወጣቱ ወታደር የካለም ሆልም የመታሰቢያ ጸሎት ተደርጎ ነበር። ካለም በዚያ በበረዶው አገር የጭነት መኪና ሲነዳ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠበት። ወዲያው አልሞተም። ጓደኞቹ አጠገቡ ተንበርክከው ሲያወሩት፣ ስለ እግር ኳስ ሲያወራቸው፣ አምቡላንሱ ተራራውን ዞሮ እስኪመጣ ደሙ አለቀ። ድሮ በዚያ የጦር ሰፈር ቁስለኛ ማንሻ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። ክለሳው አነሳቸው። ‹‹በሚያስፈልግ ጊዜ የወዳጅ አገሮችን አቅም እንጠቀማለን›› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተተካባቸው። የካለምን አሟሟት የመረመረው ቡድን ጥፋቱን በአየሩ ጠባይ ላይ አሳበበ።

ጄኔራል ሂዩ ካርትሜል ያን ዕለት ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ቆመው ነበር። ክለሳውን ባረቀቀው ቡድን ውስጥ የጦሩ ወኪል እሳቸው ናቸው። ሰው ሲበተን ኢሶቤልን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ጠብቀው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያበዙ፣ የመጡበትን ነገሯት።

«ከኮሚቴው ክፍል ውጭ ብናገር ምስጢር አወጣህ ተብዬ እታሰራለሁ» አሏት። «እዚያ ውስጥ ተጠይቄ ብዋሽ ደግሞ ያም ወንጀል ነው። ራሴ ጀምሬ መናገር አይፈቀድልኝም፤ የምቀመጠው በሚኒስትሩ ስም ነው። በቀጥታ ከተጠየቅሁ ግን እመልሳለሁ።»

«ምን ብዬ ልጠይቅዎት?»

«ክለሳው ከመጽደቁ በፊት ስለ ሄሊኮፕተሮቹ ለሚኒስትሩ ምን ነገሯቸው፣ እሳቸውስ ምን አሉዎት ብለው። ሌላ ምንም አይጨምሩበት።»

ምን እንደተባባሉ አልነገሯትም። ግን አንድ ሰው ሳይጠሩት መጥቶ በልጅ መታሰቢያ ላይ ከኋላ የሚቆመው ምን ቢሸከም ነው? ኢሶቤል ገባት። ሚኒስትሩ ያውቅ ነበር። ልጆች እንደሚሞቱ በፊቱ ተነግሮት ነው የፈረመው። ይህ በቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ የትኛውም መንግሥት ሄሊኮፕተሮቹን ሳይመልስ ማደር አይችልም።

የሚመለሱት ደግሞ ለካለም አይደለም። የካለም እህት ኪርስቲም ወታደር ናት፤ ያውም ሾፌር። በመኸር የሷ ክፍለ ጦር ያንኑ ሰፈር ይረከባል። እናታቸው ዶሪን ሆልም የትምህርት ቤት ምሳ የምታበስል ሴት ናት፤ ከኢሶቤል ጋር በአንድ ሰፈር አድገው፣ በአንድ አውቶቡስ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል። ልጇን ሥራውን ልቀቂ ብላ ለምናታለች። ኪርስቲ ግን የፈረመችው ጊዜ አላለቀላትም፤ ቢያልቅላትም የወንድሟን ጓዶች ትታ የምትቀር አልነበረችም።

ታዲያ ረቡዕ የመጨረሻው ዕድል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርጫ ጠርተዋል፤ ረቡዕ ማታ ምክር ቤቱ ተዘግቶ ይበተናል፤ ኮሚቴውም አብሮት ይሞታል። አዲሱ ኮሚቴ እስኪቋቋም ኪርስቲ በበረዶው መንገድ ላይ ናት። ጄኔራሉም ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። ጡረተኛ ጄኔራል የሚጠራ የለም፤ ቢጠራም ሚኒስቴሩ ሰውየው ከእንግዲህ እኛን ወክሎ አይናገርም ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ኢሶቤል ማክሰኞ ከሰዓት ለዶሪን ደወለችላት። እንዳትደውል ራሷን መክራ ነበር፤ አልቻለችም። ነገ ጄኔራሉ እውነቱን ይናገራሉ አለቻት። ዶሪን መግቢያው በየት በኩል እንደሆነና ሳንድዊች ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ረቡዕ የኮሚቴው ክፍል በሰው ተሞልቶ ነበር ማለት ውሸት ነው። ጋዜጠኞቹ ሁሉ በምርጫው ተይዘው ሄደዋል። በሕዝብ ወንበሮቹ ላይ ጥቂት ተማሪዎች፣ አንድ የሚያንቀላፋ ሽማግሌና የክት ካፖርቷን የለበሰች ዶሪን ነበሩ። ፈረስ ኮቴ በሚመስለው ጠረጴዛ ዙሪያ አባላቱ ተቀምጠዋል፤ ከፊት ለፊታቸው ሚኒስትሩ፣ ከጎኑ ጄኔራሉ። በመስኮቱ የቴምዝ ወንዝ ይታያል፤ ውሃው በዚያ ቀን የጭቃ መልክ ነበረው።

ሰብሳቢው ሰር ሌስሊ ዋርበርተን ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው። እሳቸው በሰበሰቡት መድረክ አንድም ሰው ተሰድቦ አያውቅም፤ አንድም ስብሰባ ከሰዓቱ አልፎ አያውቅም። በዚህ ይኮሩ ነበር። አገር እየነደደች እንኳ ቃጠሎው በተራ እንዲሆን የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እሳቸው ጠየቁ። ክለሳው አገሪቱን ለሚመጡት ዓመታት ያዘጋጃታል ወይ አሉ። ሚኒስትሩ ያዘጋጃታል አለ፤ ይህን ለማለትም ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሁለተኛው አባል በምርጫ ክልሉ ስለሚሰፋው የወታደር ቦት ጫማ ጠየቀ። ጫማው ከውጭ ከሚመጣው ይሻላል፤ ውሃ አያስገባም፤ እሱ ራሱ አድርጎት ውሻውን አንሸራሽሯል። ሚኒስትሩ ስለ ውሻው ጤንነት ጠይቆ ክፍሉን አሳቀ። አንድ አገር ልጆቿን የት እንደምትልክ፣ ለምን እንደምትልክ፣ ሲወድቁ ማን እንደሚያነሳቸው የሚወስነው ሰነድ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሊመረምሩት የተመረጡት ሰዎች ስለ ጫማ ያወራሉ። ገመድ ፋብሪካ ያለው ስለ ገመድ ሊጠይቅ ተራውን ይጠብቃል።

ሦስተኛው የፐርሲ ነበር፤ የኢሶቤል የነበረው። የጥገናውን ሥራ ባንድ ወደብ መጠቅለል አይበጅም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ባንድ ወደብ ሲል የራሱን ማለቱ ነው። ሚኒስትሩ ሐሳቡ ግሩም እንደሆነና በቅርቡ እንደሚታይ ገለጸ። ኢሶቤል የኤለንማውዝ እንጀራ በጨዋ ቋንቋ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ዝም ብላ ሰማች። ቀና ስትል ጄኔራሉ እያዩዋት ነው። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰውየው ዝግጁ ናቸው።

«ከዚሁ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ ጥያቄ ያለው አባል አለ?» አሉ ሰር ሌስሊ።

የኢሶቤል እጅ ሳታዝዘው ተነሳ።

«የተከበሩ ብራይስ። ስለ መርከብ ነው?»

አዎ ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። ምንም ሳትመልስ ወደ ጄኔራሉ ዞራ መጠየቅ ትችል ነበር። ማንም ተነስቶ አፏን አይይዛትም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ የተባለውን ሁሉ ይጽፋል። ሰር ሌስሊ ይቆጡ ነበር፤ ፐርሲ ይስቅ ነበር፤ የጄኔራሉ መልስ ግን ከአፋቸው ወጥቶ፣ ተጽፎ፣ ማንም የማይፍቀው ነገር ሆኖ ይቀር ነበር።

«አይ፣ ክቡር ሰብሳቢ» አለች። «ስለ ዘጠነኛው ነው።»

«እንግዲያው ተራው ሲደርስ።»

እጇን አወረደች።

አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ሚኒስትሩ በየመልሱ እየረዘመ ሄደ። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፤ የሚያየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስክሪን ነው። በዚያ ስክሪን ላይ በዋናው አዳራሽ የሚካሄደው ክርክር ይጻፋል። ምክር ቤቱ ሊበተን ሲል የተንጠለጠሉ ሕጎችን በጥድፊያ ያወጣል፤ በዚያች ሰዓት ክርክር ላይ የነበረው የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ ፈቃድ ሕግ ነው። ኢሶቤልም ስክሪኑን አየች። ሚኒስትሩ የሚጠብቀው አዳራሹ ለድምፅ ሲጠራ የሚደወለውንና ኮሚቴዎችን ሁሉ የሚያቋርጠውን ደወል እንደሆነ ያኔ ገባት። ዘጠነኛው ጥያቄ ከፐርሲ ወደ እሷ መዛወሩን እሱም ሰምቷል ማለት ነው። ለሰር ሌስሊ በቁራጭ ወረቀት ‹‹እባክዎ ያስቀድሙኝ›› ብላ ጽፋ ላከች። ወረቀቱ ተመለሰላት። ‹‹ትንሽ ታገሺ። የሌሎቹን ተራ መንካት ነውር ነው።›› ከሥሩ በደግ እጃቸው ፈገግ ያለ ፊት ስለውበታል።

ሰባተኛውና ስምንተኛው አልቀው ተራዋ ደረሰ።

«ጥያቄዬ ለጄኔራል ካርትሜል ነው። ለእሳቸው ብቻ።»

«በዚህ ላይ እኔ ብመልስ...» ሚኒስትሩ ጀመረ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም። ጄኔራል፣ ክለሳው ከመጽደቁ በፊት ስለ ሄሊኮፕተሮቹ ለሚኒስትሩ ምን ነገሯቸው? እሳቸውስ ምን አሉዎት?»

የገመድ ፋብሪካው አባል እንኳ ከስልኩ ቀና አለ። ዶሪን ወንበሯ ጫፍ ላይ መጣች። ጄኔራሉ ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «ሁለቱንም ቃል በቃል አስታውሳለሁ።»

ደወሉ ተደወለ።

በዚያ ሕንፃ የድምፅ መስጫ ደወል ሲደወል ከመጸዳጃ ቤት እስከ ምግብ ቤት የማይሰማበት ቦታ የለም። አባላቱ እንደ አንድ ሰው ተነሱ። ሰር ሌስሊ ምክር ቤቱ ድምፅ እየሰጠ በመሆኑ ስብሰባው ለሩብ ሰዓት ተቋርጧል አሉ።

«ሰር ሌስሊ፣ አንዴ ይጨርሱ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት።»

«ኢሶቤል፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ የሚነገር ነገር አይጻፍም። ለተናጋሪውም የሕግ ጥበቃ የለውም። ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ጄኔራሉም ያውቁታል። ማይክሮፎኑን አጥፍተው እጃቸውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የሚኒስትሩ ረዳቶች ከኋላ ተነስተው በግራና በቀኝ ቆሙላቸው፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ያንሾካሹክ ጀመር። ዶሪን ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሳት የተነሳ መስሏት ቦርሳዋን አንስታ ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። ከድምፅ መስጫ መልስ አራት አባላት ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ስብሰባው አይቀጥልም። ኢሶቤል በድምፅ መስጫው መተላለፊያ ውስጥ እየተጋፋች አንድ በአንድ ለመነቻቸው። የቦቱ ሰውዬ ባቡር ያመልጠኛል አላት። የገመዱ ሰውዬ በጣም አዝናለሁ አላት፤ ያዘነም ይመስል ነበር። አንዲት ከሷው ፓርቲ የሆነች ሴት ላትመለስ መሰናበቷ ስለሆነ እያለቀሰች ፎቶ ትነሳለች፤ ኢሶቤልንም ጎትታ ፎቶው ውስጥ አስገባቻት። ለአገር መከላከያ ፖሊሲ ከተመደቡት አሥራ አንድ ሰዎች ውስጥ እመጣለሁ ያለው ፐርሲ ብቻ ነበር።

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ። ሻይ ልጠጣና።»

ወደ ክፍሉ ስትመለስ ሰር ሌስሊ በቦታቸው ናቸው፤ እሳቸው ግዴታቸውን አይተዉም። ኤድና ፕራት የምትባል ጆሮዋ የደከመ አሮጊት አባልም ማንም ሳይለምናት ተመልሳ ሹራቧን ትሠራለች። ከኢሶቤል ጋር ሦስት። ጄኔራሉ አልተነቃነቁም። ሚኒስትሩ በሩ ላይ ቆሞ በስልክ ይስቃል።

ጠበቁ። ፐርሲ የለም። ስልኩን አያነሳም። ኢሶቤል ተነስታ በመተላለፊያው ሮጠች፤ በስድሳ ዓመቷ፣ በተረከዝ ጫማ፣ ጠባቂዎቹ እያዩዋት። ወንዙ ዳር ካለው በረንዳ ላይ አገኘችው። እንጆሪ በክሬም ይበላል፤ ዙሪያውን ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ይሳሳቃሉ።

«ፐርሲ፣ ተነስ።»

«ኢሶ፣ የኔ ቆንጆ፣ አልቋል እኮ። ተቀመጪ። ማታ ላይ ሁላችንም ሥራ ፈት ነን።»

«ሰውየው እዚያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሊናገሩ ነው። ልጅ ሞቷል፣ ፐርሲ። ሌላዋ ደግሞ ልትሄድ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ሳይስቅ ሲታይ ያረጀ፣ የደከመው ሰው ነው።

«የፓርቲያችን ተጠሪ እንዳልመለስ ነግሮኛል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኸው ነው። አሁን ካወቅሽ እንግዲህ ተይኝ።»

«አንተ ደግሞ እሺ አልክ?»

«እኔ በሦስት ሺህ ድምፅ ብልጫ ነው የቆምኩት፣ ኢሶ። የመርከቡ ሥራ ካልመጣልኝ አለቀልኝ።»

አልጮኸችበትም። ከጠረጴዛው ማዶ አጎንብሳ እጁን ያዘችው፤ ካለም መኪናው ሥር ሆኖ ለጓደኞቹ ያወራው ስለምን እንደነበር ነገረችው፤ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ። ፐርሲ ለአፍታ ወንዙን አየ። ከዚያ ተነሳ። አፉን በናፕኪን ጠርጎ፣ ነይ ብሎ፣ ከፊቷ መራመድ ጀመረ። በደረጃው ላይ ትንፋሽ እያጠረው ሲወጣ ኢሶቤል አምላኳን አመሰገነች።

ደረጃው መጨረሻ ላይ ደወሉ እንደገና ተደወለ።

ያው የጀልባው ሕግ ነው። አንድ ሰው ማሻሻያ አቅርቦበት ሁለተኛ ድምፅ ይሰጣል። ፐርሲ ቆሞ አያት። ወደ ድምፅ መስጫው ዞረ፤ ኢሶቤልም ከኋላው ሄደች። ልትቀር ትችል ነበር። ብትቀር ግን ለውጥ አልነበረውም፤ ደወሉ እስካለ ድረስ ስብሰባ የለም። ስለ ጀልባ ማቆሚያ ድምፅ ሰጠች። ተቃወመች ወይስ ደገፈች፣ ኋላ ላይ አላስታወሰችውም።

ሦስተኛ ደወል ተከተለ። ከሦስተኛው ቀጥሎ ምክር ቤቱ የሚዘጋበት ሥነ ሥርዓት ሆነ። ከላይኛው ምክር ቤት የተላከው ጥቁር ሱሪ የለበሰ ሹም እንደ ልማዱ በሩን በዘንጉ አንኳኳ፤ ሁሉም ተሰልፎ ሄዶ በላይኛው ምክር ቤት የንጉሡን መልእክት ሰማ፤ ተመልሶ አፈ ጉባኤውን እየጨበጠ ተሰናበተ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አልቸኮለም። ምክር ቤቱ ሲዘጋ ኮሚቴዎቹም በዚያችው ቅጽበት መኖር ያቆማሉ።

ኢሶቤል ወደ ክፍሉ የተመለሰችው ከሰር ሌስሊ ጋር ነው። ኤድና ሹራቧን ጠቅልላ ሄዳለች። ሚኒስትሩም የለም፤ ከረዳቶቹ ሁለቱን በሩ ላይ ትቷል። ጄኔራል ካርትሜል እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ከኋላቸው፣ በባዶው የሕዝብ ወንበር ላይ፣ ዶሪን።

ሰር ሌስሊ ቆመው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ ምክር ቤቱ በመዘጋቱ ኮሚቴው ሥራውን መቀጠል እንደማይችል ለምስክሩ አሳወቁ። ለትዕግስታቸው አመሰገኗቸው። የረጅም ዘመን አገልግሎታቸውንም አመሰገኑ። ልባቸው በእውነት ተነክቶ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው ተስፋ የሚያስቆርጠው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምትጣላው ታገኝ ነበር።

ጄኔራሉ ተነሱ። ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በሕዝብ ወንበሮቹ በኩል ሲያልፉ ዶሪን መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ አሁን ይንገሩኝ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ እናቱ። ሌላ ማን መስማት አለበት?»

«ወይዘሮ ሆልም...»

«ምን ብለው ነገሩት? እሱስ ምን አለ? እኔ ለማንም አልናገርም።»

ጄኔራሉ በሩ ላይ ወደቆሙት ሁለት የሚኒስትሩ ረዳቶች አዩ። አንደኛው ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ እነሱ አዙሮታል። የጄኔራሉ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አርባ ዓመት ትእዛዝ የተቀበሉና የሰጡ ሰው ናቸው፤ በጦር ሜዳ አልፈሩም ይባላል፤ ምናልባት እውነት ይሆናል።

«አልችልም» አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በሩ ተከፈተላቸው። ወጡ።

ሰር ሌስሊ ወረቀቶቻቸውን ሰብስበው፣ ኢሶቤልን ትከሻዋን መታ አድርገው፣ አዲሱ ኮሚቴ ሲቋቋም ነገሩ መነሳት እንዳለበት ለተኪያቸው ማስታወሻ እንደሚተዉ ነግረዋት ሄዱ። ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ኢሶቤል ሄዳ ዶሪን አጠገብ ተቀመጠች። ሠራተኞች መጥተው የስም ሰሌዳዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ያነሱ ጀመር።

ኢሶቤል ማውራት ጀመረች። ለጋዜጣ እጽፋለሁ አለች፤ ምርጫውን ካሸነፍኩ በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄውን በጽሑፍ አቀርባለሁ አለች። የጽሑፍ ጥያቄ ምን ተብሎ እንደሚመለስ እሷ ታውቃለች፤ ዶሪን አታውቅም፤ ወይም ዛሬ አውቃለች። ዶሪን አቋረጠቻት።

«ቆይ። አንድ ነገር አልገባኝም። ያ ሰውዬ ስለ መርከቡ ሲያወራ አንቺ እጅሽን አንስተሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ጄኔራሉ ያኔም እዚያው ነበሩ። ደወልም አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

ኢሶቤል መልሱን በአፏ ይዛ ቆየች። እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳይነገረው የሚገባውን፣ ከዚያ በር ውጭ ግን ለማንም ሰው ጆሮ የማይበቃውን መልስ።

«ተራዬ አልነበረም፣ ዶሪን።»

ዶሪን አየቻት። ኢሶቤል ትቆጣኛለች ብላ ጠበቀች፤ ተመኘችም። ዶሪን ግን ዓይኗን ከሷ ላይ ቀስ አድርጋ አንስታ ባዶውን ጠረጴዛ ትመለከት ጀመር፤ አንድ የማታውቀው አገር ሰው ልማዱን እንዳስረዳት ያህል።

«ኪርስቲ እሁድ ትደውላለች» አለች በመጨረሻ። «የምክር ቤት ሰዎቹ እንዴት ናቸው ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ከሠራተኞቹ አንዱ ቀርቦ ክፍሉ ሊቆለፍ እንደሆነ በትሕትና ነገራቸው። ዶሪን ተነሳች። ኢሶቤል መነሳት አቅቷት እንደተቀመጠች ስታያት እጇን ዘርግታ ብብቷን ይዛ አነሳቻት፤ እንደ በሽተኛም ደግፋ ወደ በሩ መራቻት።